ያልተያዝኩበት ምክንያት

ጥር 9፣ ጠዋት
ዳና በደለኝ። የሟች ባለቤቴ የአስቴር ወንድም፣ ገረሴ ከተማ የሚኖረው። ትናንት በሙት ዓመቷ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፦ «ኤች አይ ቪ ካለባት ሴት ጋር ሃያ ዓመት ኖሮ ያልተያዘ ወንድ፣ አልነካትም ማለት ነው። ልጅቷ የሱ አይደለችም።» ልጄ ብርቄ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ትሪው አልወደቀባትም። እኔን ግን አላየችኝም።

አስቴርን ያስያዛት የሞተው የመጀመሪያ ባሏ ነው። ያወቅነው ብርቄን ስታረግዝ። እሷ አለባት፣ እኔ የለብኝም። በየዓመቱ ተመረመርኩ። የለብኝም።

ጥር 14
ስማ ደብተር፣ አገኘሁት። ተከራዬ ጥሎት የሄደ የባዮሎጂ መጽሐፍ። ሦስቴ አነበብኩት። ቫይረሱ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት ሴሉ ላይ ያሉ ሁለት ተቀባዮችን መያዝ አለበት። ሁለተኛው ሲ-ሲ-አር-5 ይባላል። ከአባትም ከእናትም የተበላሸ ዘረመል የወረሰ ሰው ይህ ተቀባይ የለውም፤ ቫይረሱ ውጭ ይቀራል። ሠላሳ ዓመት የመስኖ ፓምፕ ጠግኛለሁ፤ ማያያዣው ካልገጠመ ውኃ አያልፍም። እኔ እንዲህ ነኝ። ከሆንኩ፣ ብርቄ አንዱን ብልሽት የግድ ከኔ ወርሳለች። ማስረጃ!

ጥር 20
ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። የላብራቶሪው መምህር ትሑት ነው። «አባቴ፣ ያ ለውጥ በኛ አገር ሰው ላይ እምብዛም አይገኝም፣ ተስፋ አያብዙ» አለኝ። ተከራከርኩት። ደሜን ወሰደ።

የካቲት 11፣ 4 ሰዓት
ውጤት። ተቀባዩ አለኝ። ሙሉ፣ ጤነኛ፣ እንደ ማንም ሰው።
ታዲያ ለምን አልተያዝኩም? ገና ያልታወቁ ሌሎች ልዩነቶች ይኖራሉ አለ መምህሩ። በአስቴር ደም የነበረው ቫይረስ ጥቂት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች ደግሞ አይተላለፍም። እንደናንተ ያሉ ብዙ ናቸው።
አስቴር አንድ ቀን አላዛነፈችም። የማታው ዜና ሲጀምር መድኃኒቷን ትውጥ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ዜናውን ነበር የምሰማው። ጠባቂዬን በገዛ ደሜ ውስጥ ስፈልግ ከረምኩ።

የካቲት 13
ብርቄ የጫሞ ዓሣ ጠበሰች። ከምግቡ ጎን ወረቀት አስቀመጠች። የአባትነት ምርመራ ማመልከቻ። «አባዬ፣ ይሄን ድርቅናዬን ከማን ወሰድኩት? ከዳና? እንመርመርና ዝም እናሰኛቸው።» ሳቀች። ዓይኗ ግን ዓሣው ላይ ነበር። ማወቅ ትፈልጋለች።
ወረቀቱን ቀደድኩት። ዓሣውን ሳትነካ ተነሣች።

የካቲት 16፣ ጠዋት
ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መጡ። ደጄ ላይ ተንበረከኩ። ዳና ከኋላቸው። ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን የሚመልስ ጋሞ የለም። ተነሡ አልኩ። ይቅር አልኩ። በአፌ።
በወጋችን ግን ዕርቅ የሚጸናው ነገሩ በአደባባይ ሲዘረገፍ ነው። ቅዳሜ ከሸንጎው ፊት ቆመህ የደምህን ነገር አስረዳ አሉኝ። እምቢ። ሳሩን ተቀብያለሁ፤ ምላሴን አልሰጥም። ልጄን በመርፌም በምስክርም አላስመሰክርም። ብርቄ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። አሁንም አላየችኝም።
ልጄ ናት። ከዛሬ ወዲያ ስለዚህ ነገር ለሸንጎም፣ ለዳናም፣ ለሷም፣ ላንተም ለደብተሬ አንዲት ቃል አልተነፍስም።