አሮጌውን አትዝጋው

ስፋክስ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2019

ለዋጅዲ፣

ኢሜይሌን እንደማትከፍተው ስለማውቅ በወረቀት ጻፍኩልህ። መጀመሪያ "የኔ ውድ" ብዬ ነበር፣ ሰርዤዋለሁ፤ ካሁን በኋላ ምን ብዬ እንደምጠራህ ግራ ገብቶኛል። እናትህ ደህና ናት፤ ብርድ ሲገባ ጉልበቷ እንደ ልማዱ ያነጫንጫታል። የዘንድሮው ወይራ ቅርንጫፍ እስኪሰብር ድረስ አፍርቷል። እኔም አለሁ።

ብዕር ያስነሳኝ ማክሰኞ ለሁሉም ሰው የበተንከው መልእክት ነው። የክሊኒክ መዝገብ ፕሮግራማችን ሁለተኛው ስሪት ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ አይጠገንም፣ ሁሉም ወደ አምስተኛው ይዛወር ትላለህ። ወይ ጉድ! በተጋባን ዓመት፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የሠራነው ነገር መዘጋቱን እንደ አላፊ አግዳሚ ከማስታወቂያ ልስማ? ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

እስቲ ለነርስ ሙንጂያ ንገራት። ታታዊን ባለው ክሊኒኳ የሕፃናቱ ክትባት፣ የስኳር ታማሚዎቹ መርፌ፣ ሁሉም የተመዘገበው በሁለተኛው ነው። ያረጀው ኮምፒውተሯ አዲሱን መሸከም አይችልም። መልእክትህን በስልክ ሳነብላት "ተዛወሩ? በምን? በአህያ?" አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። "የልጆቹን ቀጠሮ ማን ሊያስታውሰኝ ነው?" አለች።

"ማን ይጠግነዋል?" እንደምትል አውቃለሁ። እውነትህን ነው፤ አንተ አዲሱን ስትጀምር ኮድ የሚጽፉልን ልጆች ሁሉ ተከትለውህ ነጎዱ። በነጻ የሚሠራ ሰው ደስታው አዲስ ነገር መፍጠር ነው። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ የምስጋና ወረቀት አሳትሜ አደልኳቸው። ሐምዲ፣ ያ ምላሰኛ፣ "ሱሩርዬ፣ ሰው እልል የሚለው አዲስ ቤት ሲመረቅ ነው። የሚያፈስ ጣራ ለደፈነ ማን አጨብጭቦ ያውቃል?" አለኝ።

አምና እሱንና የሒሳብ አስተማሪዋን ኢምናን ይዤ ሙንጂያ ዘንድ ወረድኩ። ገና ከመድረሳችን ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ትጠብቃለች፤ ሙንጂያ ማሽኑን በጥፊ እያጮለች፣ "ተነስ እንጂ አንተ ሽማግሌ፣ እንግዳ ፊት አታዋርደኝ!" ትላለች። ሐምዲ እዚያው ተቀምጦ ስሕተቱን ፈልጎ አገኘው። ለካ ከዓመታት በፊት ራሱ የጻፈው ኮድ ነው! አስተካክሎ ሲነሳ ሙንጂያ ግንባሩን ሳመችው። ስንመለስ እስከ ስፋክስ ድረስ በመኪናው ውስጥ ያንኑ አሮጌ ኮድ ሲያነብ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከጥገናው ሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ ጓደኞቹንም እየጎተተ ያመጣል። እሁድ እሁድ እናትህ ቤት ነው የሚሠሩት። እሷም የዓሣ ኩስኩሷን አቅርባ፣ "ሳይበላ ኮምፒውተር የነካ ወዮለት!" ትላቸዋለች። ሰው አለን፣ ዋጅዲ።

አሮጌውን ልትዘጋ መሆንህን ስነግራት ሳቀች። "ልጄ ድሮም ያረጀ ነገር አይወድም። እኔንስ መቼ ነው የሚዘጋኝ?" አለችና ወጥ ላማስል ብላ ማድ ቤት ገባች። ቆየችብኝ። ተከትያት ብገባ ምድጃው ጠፍቷል፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ባሕር ማዶ፣ ሊዮን ከማን ጋር እንደምትኖር አልነገርኳትም። አንተው ንገራት እንጂ፣ እኔ በየትኛው አፌ?

የምለምንህ አንድ ነገር ነው፦ ዲጂታል ማኅተሙን ስጠን። እሱ ካላረፈበት የክሊኒኮቹ ኮምፒውተሮች የምንልከውን ጥገና እንደማይቀበሉ ታውቃለህ፤ ያለውም አንተ እጅ ብቻ ነው። ለእኔ መጻፍ ከከበደህ ለሐምዲ ላክለት። የቀረውን ልጆቹ ይችሉታል።

ባለፈው እሁድ ሳህን ስናጥብ ኢምና፣ "አንቺን ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ምን አቆየሽ?" አለችኝ። "ክሊኒኮቹ ናቸዋ" አልኳት። "ተይ እንጂ! ሙንጂያን ያየሻት አምና አይደል?" አለችኝ። ምን ልበላት? በየወሩ መጨረሻ ሥራውን በፕሮግራሙ የጋራ ገጽ እልክልሃለሁ፣ አንተም ማኅተምህን አሳርፈህ ትመልስልኛለህ። አንድ ቃል አትጨምርበትም። ቢሆንም ካንተ የሚመጣልኝ እሱ ብቻ ነበርና፣ እስኪደርስ ድረስ ገጹን ደጋግሜ ስከፍት እውላለሁ። ሲደርስ ደግሞ አለቅሳለሁ። ማኅተሙን ለልጆቹ ከሰጠሃቸው እሱም ይቀራል፤ ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም። የሙንጂያ ሕፃናት ይበልጡብኛል። ማኅተሙን ለልጆቹ ላክላቸው።

እናትህ "አላህ ፊትህን ከክፉ፣ ደጅህን ከችግር ይጠብቅልህ" ብላሃለች፤ እኔም አሜን ብያለሁ። አብራህ ላለችው ሰላም በልልኝ ልል ነበር። አልቻልኩም።

ሱሩር