አስቴር ያልመለሰቻቸው መልእክቶች

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8

ሳሙና ልገዛ ዘይነባ ሱቅ ገባሁ። ዘይነባ እዚሁ ሲቀላ ሰፈር ጎረቤቴ ናት፤ ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግነው። ስልኳን እያየች ነበር። ቀና ብላ ስታየኝ ስልኩን ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

"ምነው?" አልኳት።

"ምንም። የአስቴር እናት፣ እስኪ ቁጭ በይ።"

አጠገቤ የቆመች ተማሪ ግን ስልኳን ዘረጋችልኝ። "እማማ፣ ይቺ ነርሷ ልጅዎት አይደለችም እንዴ? ነፍስ ይማር ይላል።"

አስቴር የምትሠራበት ጤና ጣቢያ የፌስቡክ ገጽ ነው። ልጄ ነጭ ጋወኗን ለብሳለች፤ ከጎኗ ሻማ አድርገውላታል። ከክትባት ሲመለሱ መኪናው ወደ ካምባ በሚወስደው መንገድ ተገልብጦ ነው ይላል።

መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። የእድራችን ሰዎች ለነገ ንጋት ተቀጣጥረው ነበር አሉ። እኔ ሳሙና ይዤ ቆሜ ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 9

ቀበርናት። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

ዓርብ፣ ግንቦት 11

ሠልስቷ ነው። አብሯት የሚሠራው ነርስ ታሪኩ ቦርሳዋንና ስልኳን ይዞ መጣ። እግሬ ላይ ወደቀ።

"እኔ ነኝ የለጠፍኩት፣ እማማ። ደንግጬ ነው። የሰማችሁ መስሎኝ ነው።"

ተነስ አልኩት። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላልኩትም፤ አልወጣልኝም።

የጤና ጣቢያውን ገጽ የምትይዘው አስቴር ነበረች። ለፋሲካ መጥታ እንኳ ከስልኩ አልተለየችም። "ከኔ ጋር አታወሪም ወይ?" ብዬ ስቆጣት፣ "እማ፣ አንዴ፣ ይቺ እናት ክትባቱ መቼ ነው እያለችኝ ነው" ትለኛለች። በባልደረቦቿ ትስቅ ነበር። "እንግዳ በመጣ ቁጥር ተሰልፈው ፎቶ ይለጥፋሉ። የእንግዳ ፎቶ ልጅ ያዋልዳል?"

ስልኩን አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት። ሰው ከወጣ በኋላ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ማን ነው እሷን የሚፈልጋት? ፈራሁት፤ ጨርቅ ጣል አደረግሁበት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

ጠዋትም ጮኸ። ከፈትኩት። መክፈቻውን ስትነካካ አይቻለሁ።

ከሐዘኑ ፎቶ ሥር ነፍስ ይማር የሚለው ተቆጥሮ አያልቅም። በውስጥ የተላኩትን መልእክቶች ግን ማንም አልከፈተም። ቀስ ብዬ አነበብኩ።

ክትባቱ ሐሙስ ነው ወይስ ዓርብ?

የልጄ ተቅማጥ ቆሟል፣ አመሰግናለሁ እህት።

ከዚያ የአንዲት ማርታ የምትባል ነፍሰ ጡር። ባሏ ነው የሚጽፍላት፤ ኔትወርክ ያለበት ገበያ ሲወጣ እንደሚልክ ቀድሞ ጽፏል። የሐዘኑን ፎቶ ያዩ አይመስለኝም።

ረቡዕ የጻፈው፦ "እህት አስቴር፣ ስምንተኛ ወሯ ነው። ፊቷና እጇ አብጧል። ራሷን በጣም ያማታል፤ ዓይኗ ብዥ ይልባታል። እናምጣት ወይስ ቀጠሮዋን እንጠብቅ?"

ዓርብ የጻፈው፦ "ዝም አልሽን። ቀጠሮዋን ጠብቁ ማለትሽ ነው?"

የልጄን ዝምታ መልስ አድርገው ወስደውታል።

የቀድሞዎቹን መልእክቶች ገልጬ አስቴር ለሌሎች የመለሰችውን አየሁ። እንዲህ ያለ ሲመጣባት ሁሌም አንድ ነው የምትለው፦ "ይሄ በጽሑፍ የሚታከም አይደለም። አሁኑኑ ኑ። ስልክ ቁጥርና ቀበሌ ላኩልኝ፣ እደውላለሁ።"

ገጹ ላይ ስጽፍ የሚወጣው የጤና ጣቢያው ስም ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ብዙ ቆይቼ ይህን ጻፍኩ፦ "እኔ የአስቴር እናት ነኝ። አስቴር አርፋለች። ቀጠሮ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ አምጧት። ቀበሌያችሁን ጻፉ።"

ከዚያ ለታሪኩ ደወልኩ። "መልእክቱን ማን ነው የሚያነበው?"

"እሷ ነበረች፣ እማማ። እኛ መለጠፍ ብቻ ነው።"

የማርታን ቃል አነበብኩለት። ሳልጨርስ፣ "የእግዚአብሔር ያለህ! የየትኛው ቀበሌ ናት?" አለ። እኔ ምን አውቄ። የእርግዝና ክትትል መዝገብ ውስጥ ልፈልጋት ብሎ ዘጋው።

እሑድ፣ ግንቦት 13

መልስ የለም። መልእክቴን አላዩትም። ዛሬ ገበያ አይደለም።

ታሪኩ ስሟን መዝገቡ ላይ አግኝቷል። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው አምቡላንሱ ከግማሽ ተመለሰ። የጤና ኤክስቴንሽኗ በእግሯ እየሄደች ነው።

ዘይነባ ሾርባ ይዛ መጣች። "አንቺ ሴትዮ፣ የራስሽ ሐዘን አነሰሽና የሰው ጨመርሽበት?" አለች። ማንኪያውን አፌ ድረስ አመጣችው። ዋጥኩት። ስልኩ ከእጄ አልወረደም።

ሰኞ፣ ግንቦት 14

አገኟት። ጤና ኤክስቴንሽኗ ስትደርስ ማርታ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ምላሷን ነክሳ። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አምቡላንሱ የቆመበት አደረሷት። እዚህ ከተማ ሆስፒታል አስገብተዋታል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 15

ሆስፒታል ሄድኩ። ልጁን በቀዶ ጥገና አውጥተውታል፤ በጣም ትንሽ ነው፣ ግን ይተነፍሳል። እሷ ዓይኗን አልገለጠችም። ሐኪሙ፣ "ትንሽ ቀደም ብላ ብትመጣ" አለና ተወው።

ባሏ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው እጄን ይዞ አለቀሰ። "ማርታን ይዘን ስንመጣ መንገድ ላይ ሲነግሩኝ ነው የአስቴርን መሞት የሰማሁት። እኔ እኮ ተቀይማን ነው ብዬ..." አለ። አብረን አለቀስን።

ታሪኩ ደወለ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሰው በተራ መልእክት ያነባል። ለአጣዳፊ ነገር አትጻፉ፣ ደውሉ ብለው ስልክ ቁጥሩን ገጹ ላይ ከላይ አድርገዋል። የሚያነብ ሰው ከሌለም የለም ብለው ይጽፋሉ። "ሌላስ፣ እማማ?" አለኝ። "ቤተሰብ መርዶውን ሳይረዳ የማንንም ሞት አትለጥፉ" አልኩት። "ይቅር በይኝ" አለ። አሁን ወጣልኝ፤ ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት።

ማርታ እስካሁን አልነቃችም። ከኮሪደሩ ወንበር ላይ ነው የምጽፈው።

ይህን ደብተር የምታነቡ ሁሉ፣ ልጄን አስቴርን በክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል እያላችሁ በጸሎት አስቡልኝ፤ ነፍሷን ያሳርፍልኝ። ማርታን ግን ከእሷ ጋር፣ ከሙታን መካከል አትጥሩብኝ። ማርታን ከሕመምተኞቹ ጋር ጥሩልኝ።