የሦስተኛ ክፍል የእሳት እራት

ኮልፌ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለመኳንንት
ላይፕዚግ

እንደምን ከረምክልኝ? እኔና ልጃችን ኮከብ በጤና አለን፤ ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ከበር አላስወጣ ብሎናል። ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። «ለአንዲት ትል ብለሽ ስሜን አታጥፊ፤ ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ» ትላለህ። ዳይሬክተራችን አቶ ይገዙ የድሮ ጓደኛህ ስለሆነ የጻፈልህን አመንክ። እኔን ግን ምን ሆንሽ አላልከኝም። ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

ግንቦት ላይ ተማሪዬ ዙቤዳ አጥራቸው ጥግ ከበቀለው ጉሎ ቅርንጫፍ ሰብራ አመጣች። አባጨጓሬ ራሱን በክር ጠቅልሎ ተጣብቆበታል። ሥዕሉ ሳይንስ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ግን አርባ ስድስት ልጅ በሦስት መጽሐፍ ምን ያያል? ማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተትነው፣ አፉን በሻሽ አሰርን፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጥነው። በየጠዋቱ ተረኛው ልጅ ያየውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። «ዛሬም ተኝቷል።» አራት ሳምንት ሙሉ! ስሙን መጻፍ ያቃተው ልጅ እንኳ ይህችን ጻፈ።

ሰኔ አሥራ ሦስት ጠዋት ጥቅሉ ተቀደደና ወጣ። ቡናማ ነው፤ ክንፉ እርጥብና ጭምድድ ያለ። ወዲያው ለአብዮት በዓል ሰልፍ ልምምድ ደወል ተደወለ። «እትዬ፣ ክንፉ እስኪዘረጋ እንቆይ» አሉኝ። ቆዩ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ አልካድኩም።

አቶ ይገዙ ከቀበሌው ካድሬ ጋር ገባ። ሜዳው ላይ የኛ ረድፍ ባዶ ሆኖ በካድሬው ፊት አፍሯል።

«ምንድነው ይሄ?»

«የእሳት እራት ነው ጋሼ፤ አሁን መወለዱ ነው» አለች ዙቤዳ፣ ደስታ እያነቃት።

አቶ ይገዙ ጠርሙሱን ወለሉ ላይ ገለበጠና በጫማው ረገጠው። ልጆቹ ጮሁ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችውና፣ «ምን አደረገዎት?» አለችው። ለዚህች ጥያቄ ነው በጥፊ ያጮላት። ጆሮዋ ደማ። ሊደግማት ሲል እጁን ያዝኩት፣ እስኪጮህ ድረስ ጠምዝዤ ያዝኩት። «ደፈረችኝ፣ ልጆች አሳደመችብኝ» ያለህ ይህን ነው። ስለ ጆሮዋ ጽፎልሃል?

ከዚያ ወላጆች በተሰበሰቡበት ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ጽሑፉን ራሱ አስተይቦ ሰጠኝ። መድረኩ ላይ ወጣሁና ወረቀቱን አጥፌ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገርኩ። የዙቤዳ አባት ሽኩር ፍራሽ ሰፊ ነው፤ ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ተነሳና፣ «ሂስ ካለ ልጄን የመታት ያንብብ» አለ። ማንም አላጨበጨበም። ግን ከኋላ ያሉት እናቶች አንድ በአንድ ተነስተው ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ አሉ። ስብሰባው ተበተነ።

ሽኩርን ቀበሌ ሁለት ቀን አስሮ ለቀቀው። የዙቤዳ ግራ ጆሮ ዛሬም በደንብ አይሰማም። እኔ ጂንካ ተዛውሬያለሁ፤ ነሐሴ አሥር ከኮከብ ጋር እንሄዳለን። የቤቱን ቁልፍ ለእናትህ እሰጣለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ አንተንም ጭምር።

በትምህርትህ አምላክ ይርዳህ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካህ። ኮከብ ደብዳቤ መምጣቱን አይታ «አባዬ ስለ ዙቤዳ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልቅሶላታል፤ በጣምም ተናዷል» አልኳት። ልጅህ እንዴት ደስ እንዳላት ብታይ።

ጥሩብርሃን ተክለሃይማኖት