የእትዬ ዘነበች ጾም እና የአባያ አሳ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1962

እትዬ ዘነበች ዛሬም አልተሻላትም። ጠዋት ሁለት ማንኪያ አጥሚት ቀመሰች፣ ሁለቱንም መለሰችው። ከሰዓት ግማሽ ስኒ ሻይ ጠጣች፣ እሱ ቆየላት። ትኩሳት ሠላሳ ዘጠኝ። የክሊኒኩ ድሬሰር በየነ ቴርሞሜትሩን ሰጥቶኝ፣ የምትበላውንና ትኩሳቷን በየቀኑ ይጻፉ ስላለኝ ነው ይህን ደብተር የያዝኩት። የልጄ የሒሳብ ደብተር ነበር፣ ከኋላ በኩል ጀመርኩት። እኔ አንዴ እርሳስ ከያዝኩ ወሬ አላቆምም። ድሬሰሩ የማይፈልገውን ይዝለለው።

ልጇ ሙሉ ነገሌ ላይ በሰላም ተገላግላለች፣ ሴት ልጅ ነው። አራስ ናትና መምጣት አትችልም። እናቷ መታመሟንም ገና አልነገሯትም። እትዬ ዘነበች ዲላ ውስጥ ሌላ ዘመድ የላትም፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለሁት እኔ ነኝ። ጠዋት የራሴን ቤት አነሳለሁ፣ ከዚያ የእሷን፣ ከዚያ ተመልሼ የራሴን። እግሬ አብጧል።

ድሬሰሩ ዛሬ ደጅ ጠርቶ አነጋገረኝ። የአንጀት ተስቦው እየለቀቃት ነው፣ ከእንግዲህ የሚያሰጋት ባዶ ሆዷ ነው አለ። የሥጋ መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት ካልገባላት አትቆይም። እሱ የጪጩ ሰው ነው፣ ያደገው ሚሲዮን ቤት ነው፤ የነቢያት ጾም መሆኑን ግን አልረሳውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። ገና ሊገባ ሃያ ሦስት ቀን ይቀረዋል።

የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ማርያም መጥተው፣ የታመመ አይጾምም፣ ፈቅጄልሻለሁ አሏት። ዓይኗን ጨፈነች። ሲወጡ ነገረችኝ። ሙሉ በሰላም ከተገላገለች ጾሙን ሳልፈታ እፈጽማለሁ ብላ ለማርያም ተስላለች። ማርያም የድርሻዋን አድርጋለች፣ እኔ እንዴት ልካዳት ትላለች። 

ቆይታ ደግሞ፣ “አሳ ቢሆን እቀምስ ነበር” አለች። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው የተወለደችው። አሳ እንደሆነ አባም በዚህ ጾም አይከለክሏትም።

ይህን ለባሌ ለደምሴ ስነግረው ፊቱ በራ። የጭነት መኪናው ከአዲስ አበባ መለዋወጫ እየጠበቀ ቆሟል፣ አገሩ ሁሉ እሸት ቡና ሲያመላልስ እሱ ቤት ውስጥ ጢሙን እየጎተተ ተቀምጧል። ቀድሞ የሐይቅ ውሃ ለሚመረምር ፈረንጅ ሁለት ዓመት ነድቷል፣ መንጠቆ መጣልም ከእሱ ነው የተማረው። የፈረንጁን ትምህርት ከተጋባን ጀምሮ እንደ ጸሎት ይደግምልኛል። አሳ የራሱ ሙቀት የለውም፣ ደሙ እንደ ውሃው ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ውሃው ሞቅ ሲል ወደ ዳር ይወጣል፣ መንጠቆውን ራሱ ፈልጎ ይውጣል። ክረምት ጎርፍ ሲገባ ውሃው ጭቃ ይሆንና ምግቡን አያይም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ነፋሱም ውሃውን ሲያገላብጠው፣ ጥልቁ ውስጥ ወርዶ ዝም ይላል፣ አፉን አይከፍትም።

“አሁን ታኅሣሥ አይደለም ወይ?” አልኩት። ልሞክር አለ። ነገ በበቅሎ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ደምሴ ጎህ ሳይቀድ ወጣ። የወባ ኪኒኑን እፊቴ አስውጬዋለሁ።

የበላችው፦ ሻይ ግማሽ ስኒ። የሎሚ ውሃ። ድንች አንድ ጉርሻ፣ አላምጣ ተፋችው።

ትኩሳት፦ እንጃ። ቴርሞሜትሩ ጠፋ።

ቤቱን ገለበጥኩት። ፍራሹን፣ ሞሰቡን፣ የዱቄቱን ጣሳ ሳይቀር። ልጆቼን ያለ ጥፋታቸው ጮህኩባቸው። ድሬሰሩ ሲመጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አልተቆጣም፣ በእጁ ግንባሯን ዳሰሰና፣ ክሊኒኩ ያለው ሁለት ብቻ ነው እትዬ ጥሩነሽ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች። “የወሰደው ሰው ትኩሳቴንም ይዞልኝ ይሂድ” አለች። ሳቅን። እሷ ግን ሳቋ በሳል ተቋረጠ፣ ረጅም ሳል።

ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ አልጋው ሥር አገኘሁት። በክር አስሬ መለስኩላት። የጣቷን መቅጠን ማየቴን እንዳታውቅ ፊቴን አዞርኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ደምሴ ማምሻውን ገባ። ቴርሞሜትሩ ከደረት ኪሱ ወጣ!

ፈረንጁ የሐይቁን ውሃ በመስተዋት ዘንግ ይለካ ስለነበር እሱም ሊለካ ነው የወሰደው። እጅ ይዋሻል፣ መሣሪያ አይዋሽም ይል ነበር አሉ ፈረንጁ። ደምሴ ትናንት ማታም ዛሬ ንጋትም ቴርሞሜትሩን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ አወጣ፣ አየ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። እጁ ውሃው ይቀዘቅዛል ብሎት ነበር፣ እሱ ግን መሣሪያውን አመነ። ውሃው እንዲህ ከሞቀ አሳው ላይ ላዩን ነው ብሎ መንጠቆውን አንድ ክንድ ብቻ አጥልቆ እስከ ረፋድ ቆመ። አንዲት ነካ ያደረገች የለችም።

ይህን ሲያወራ ድሬሰሩ በር ላይ ደርሶ ነበር። ዘንጉን ተቀብሎ አየው። የሰው ትኩሳት መለኪያ ካልተራገፈ የወጣበት አይወርድም አለ። ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው፣ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። “ጋሼ ደምሴ፣ የለኩት አባያን አይደለም። የሰኞውን የእትዬ ዘነበችን ትኩሳት ነው።”

የደምሴ ፊት በኀፍረት ቀላ። አዘንኩለት፣ ግን እኔም ሳቅሁ።

ባዶ እጁን ግን አልመጣም። የሐይቁ ዳር ሰዎች አዝነው አንድ አምባዛ ሰጥተውታል። አምባዛ ጭቃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ብርዱንም ይችለዋል መሰለኝ። እርጥብ ጆንያ ውስጥ እስካሁን አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ተደስቼ ይዤላት ሮጥኩ። ጺሙን አየች፣ ቆዳውን በጣቷ ነካች። ቅርፊት የለውም አለች። ቅርፊት የሌለውን መጽሐፍ ይከለክላል፣ አባቴም አይበላም ነበር አለችና ፊቷን አዞረች።

የበላችው፦ ሻይ። ትኩሳት (ተራግፎ)፦ ሠላሳ ስምንት ተኩል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬ የሠራሁትን ልጻፈው። ካልጻፍኩት ሆዴ ውስጥ ይሻግታል።

ደምሴ እንደገና ሊወርድ በቅሎውን ሲጭን፣ አውራ ዶሮውን እረድልኝ አልኩት። በጾም? አለ። እረድ አልኩት። አረደ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ወጣ።

በሎሚ አሸሁት። ስቡን በሙሉ ገፈፍኩ። በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ቀቅዬ፣ ሁለት ጊዜ በነጭ ጨርቅ አጠለልኩት። እንደ ውሃ ጠራ። ደምሴ ትናንት አንድ ባለ ቅርፊት አሳም ለአንቺ ብሎ ደብቆ አምጥቶ ነበር አልኳት። ሲወራ እንኳ የማያምር ውሸት ነው።

አንድ ማንኪያ ተቀበለች። አፏ ውስጥ አቆየችው፣ ዋጠችው። አተኩራ አየችኝ።

“ይህን አሳ አውቀዋለሁ” አለች። “ሌሊት ሌሊት ሲጮህ እሰማዋለሁ።”

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። መረቁን ይዤ ወጣሁ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሥጋውን ለድሬሰሩ ልጆች ላክሁላቸው፣ እነሱ ጾም የለባቸውም።

ላድናት ብዬ ነው። እግዜር ያየኛል። ግን ቃል የገባችው እሷ ናት፣ ቃሏን ልሰብርባት የፈለግሁት እኔ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ከእጄ ውሃ እንኳ አልቀበልም አለች። አትቆጣም፣ አትሰድብም። ስኒውን ሳስጠጋ ከንፈሯን ትገጥማለች፣ በቃ። አባ ጠበል ይዘው ሲመጡ ከእሳቸው እጅ ሁለት ጉንጭ ጠጣች። ዛሬ ሆዷ የገባው እሱ ብቻ ነው።

ትኩሳት፦ ሠላሳ ስምንት። ትኩሳቱማ እየወረደ ነው፣ ይህን ስጽፍ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ድሬሰሩ የእጇን የደም ሥር ይዞ ሰዓቱን ሲያይ ቆየ። ሲወጣ፣ እስከ ሰኞ ምንም ካልገባላት ልጇን ጥሩ አለኝ። አራስ እንዴት ከነገሌ ይጠራል? 

የበሯ ደፍ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ጎረቤት ነን። ሁለቱን ልጆቼን ስወልድ እምብርታቸውን የቆረጠችው እሷ ናት። እትዬ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። “ለእኔ አይደለም የዋሸሽው፣ ለማርያም ነው” አለች።

ነፋስ አለ ዛሬ። የኮባው ቅጠል ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ዋለ። ደምሴ ነፋስ ሲኖር ውሃው ይቀዘቅዛል ይላል። መምጣቱንም፣ ይዞ መምጣቱንም እንጃ። ደክሞኛል። ሰው ምን ያህል ሊደክም እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

መጣ። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። በጨው የታሹ፣ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ነጭ አሶች፣ አንዱ ከክንዴ ይረዝማል።

በጥድፊያ ነው የነገረኝ። ትናንት ንጋት ላይ እንደተለመደው ምንም የለም። መንጠቆውን ጠቅልሎ ሊመለስ ሲል ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ከብት ሊያጠጡ ወረዱና ሳቁበት። ብርድ ላይ ላሜም አልጠጣ ብላኛለች፣ አሳ ምን አግኝቶ ይነሳል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ና አሉት። ቀትር ላይ የጊዳቦ ወንዝ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት፣ ነፋስ ወደማያገኘው ዝቅ ያለ ውሃ ወሰዱት። ደምሴ በዚህ ጊዜ በመለኪያ ፈንታ እግሩን ነከረ፤ ዳሩ ለብ ብሏል፣ እንደ እግር መታጠቢያ። ጥልቁ ውስጥ የተኙት ፀሐይ ፍለጋ ወጥተው ኖሯል። አዞውም ለዚያችው ፀሐይ ነው የሚወጣው፤ ሁለት አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ተጋድመው ስለነበር ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ነው መንጠቆውን የጣለው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ያዘ። አንዱን ለኦቦ ጃርሶ ቢሰጣቸው፣ አሳ እኛ ቤት አይገባም፣ የውሃ እባብ ነው ብለው ሸሹት። እሱን ለአሳ አጥማጆቹ፣ ለአምባዛው ምላሽ ሰጣቸው።

ወደ ድስት አላስገባሁትም። እንደ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆራርጬ እይዝላት ነበር። እንዳለ፣ ከነራሱ፣ ትሪ ላይ አጋድሜ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩት።  ደምሴ ነው የተናገረው፤ “እትዬ፣ ቅርፊቱን ይዩልኝ።”

እጇ ከብርድ ልብሱ ወጣ። ቅርፊቱን በግልባጭ ፈተገች፣ ሁለት ጣቷን ጆሮ ግንዱ ሥር ወዳለው መተንፈሻው አስገብታ ቅላቱን አየች፣ ዓይኑን ተጫነች። በሽተኛ አትመስልም ነበር፣ ገበያ የቆመች ነው የምትመስለው።

የዝዋዩ ይጥማል አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ሳታይ፣ “እዚሁ ሥሪው። እያየሁ።”

ከሰል ማንደጃውን ከእግሯ በኩል አመጣሁ። ስቆርጥ ታያለች፣ ጨው ስጨምር ታያለች፣ ውሃውን ከየት እንደቀዳሁ ታያለች። እንደ ፈተና ተማሪ አላበኝ።

የበላችው፦ መረቅ ሰባት ማንኪያ። ቆጥሬያለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ አንድ ስኒ። አልመለሰችውም። ትኩሳት፦ ሠላሳ ስምንት ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

የቀረበላትን ከእጄ ነው የተቀበለችው። ስለ ዶሮው ግን አላነሳችም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ሠላሳ ሰባት ተኩል። ጠዋት መረቅ አንድ ስኒ፣ ቀትር ላይ ሥጋውን ራሱ፣ እንደ እፍኝ።

ድሬሰሩ ከጸሎት ቤቱ ሲመለስ ብቅ አለ። የደም ሥሯን ያዘ፣ ምላሷን አየ፣ ከዚህ ወዲያ ቴርሞሜትር አያስፈልጋትም ብሎ ዘንጉን ኪሱ ከተተ። ለደምሴ፣ መንግሥት ለአሳ የሚሆን ቴርሞሜትር ሲልክልን እሰጥዎታለሁ አለው። ደብተሩን አንብቦ ብዙ ዘለለ።

የሙሉ ባል ከነገሌ መጣ። አማቱን ሲያይ ደነገጠ፣ እሷ ግን ስለ ራሷ አላወራችም፣ ስለ ሕፃኗ አፍንጫ ነው የጠየቀችው። የእርስዎ ነው አላት። እንግዲህ ምን ይደረጋል አለች። መታመሟን ለሙሉ እንዳይነግራት አስምላዋለች።

ደምሴ መጣ፣ አሳው እስከ ማክሰኞ ይበቃል አለ። ለገና ግን አሥራ ሰባት ቀን ይቀራል። መለዋወጫው ነገ ይደርሳል ተብሏል፤ መኪናው ከተነሳ ማን ይወርዳል? ካልተነሳም ነፋሱ አልቆመም። ዳሩ ካልሞቀ አሳው አይወጣም ብሎ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን አየ።

አባ ገብረ ማርያም ከቅዳሴ በኋላ መጡ። የዶሮውን ነገር ነግራቸዋለች። እኔ ፊት ነው የመለሱላት፤ ሳታውቂ የዋጥሽው አንድ ማንኪያ ስለትሽን አያፈርስም፣ ዕዳው በሠራችው ላይ ነው። ወደ እኔ ዞረው፣ ዛሬ እሑድ ነው አይሰገድም፣ ከነገ ጀምሮ ከሰንበት በቀር ሰባት ቀን አርባ አርባ ትሰግጃለሽ አሉኝ። እሺ አባቴ አልኳቸው። ያበጠ እግሬን አየሁት።

ሁሉም ሲሄዱ እሷና እኔ ቀረን። ትሪውን ላነሳ ስል፣ ጨው አንሶታል አለች። ነገ እጨምራለሁ አልኳት። ጎንበስ ስል ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰማች።

“ጥሩነሽ፣ ከአርባው አሥር አሥሩን ለእኔ ተዪልኝ” አለች። “ስነሳ እሰግድልሻለሁ።”

ከነገ ጀምሮ ሠላሳ ሠላሳ ነው የምሰግደው። የቀረውን አስቀምጬላታለሁ።