አጥር የማይተከልበት ጉብታ

ውድ አባባ ዊልፍ፣

ይህን የምታነብልዎ ነርሷ ጆይስ ናት። ስለዚህ በጎረቤታችን በሚልበርን ላይ የጻፍኩትን ስድብ ቀንሼዋለሁ። የጎደለውን እርስዎ ይሙሉት።

ኮትዎን የምለብሰው እኔ ነኝ። ኮሊን «የአባቴ ኮት ላንቺ ድንኳን ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ልጅዎ የግንድ መጫኛ መኪናውን እየነዳ ደረቅ ቦታ ተቀምጦ ይውላል፤ ይሳቅ። ኪሱ ውስጥ ሲባጎና የተላሰ ከረሜላ አገኘሁ። ከረሜላውን ውሻችን ኔል በላችው።

ባለፈው ጥቅምት የአንጎል ምታቱ ጥሎዎት ሄክሳም ማገገሚያ ቤት ካስገባንዎ በኋላ፣ ሳምንት ሳይሞላ በጎቹ የድንበሩን ጉብታ ተሻግረው የሚልበርን የድርቆሽ መስክ ውስጥ ገቡ። ይህን እስካሁን አልነገርንዎትም። ሚልበርን ደጃችን ድረስ መጣ።

«ሽማግሌው እያለ አንድም ቀን አልገቡብኝም» አለ። «አጥር ሥሪባቸው።»

«እንዴት አድርጌ? እዚያ ጉብታ ላይ አንድ ችካል ብመታ የቅርስ ሰዎቹ ፍርድ ቤት ይገትሩኛል። ከሥሩ የሮማውያኑ ግንብ መሠረት እንዳለ አንተም ታውቃለህ።»

«እንግዲያው ሽጫቸው።»

ከዚያ የባለመሬቱ ወኪል መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። እስከ ድርቆሽ አጨዳ ድረስ በጎቹ አንዴ ከደገሙ ተራራውን ለሌላ ተከራይ እንደሚሰጥ በለሰለሰ ድምፅ ነገረን።

የከብት በሽታው አፍተግር የገባበት ዓመት ትዝ ይልዎታል። መንጋው በሙሉ ተገድሎ ሲቃጠል፣ ከእናት ወደ ግልገል ሲወርድ የኖረው የድንበር ዕውቀትም አብሮ ተቃጠለ። አዲስ የገዟቸው በጎች ተራራው የት እንደሚያልቅ አያውቁም ነበር። እርስዎ ጉብታው ላይ ወጥተው ቆሙ። በየማለዳው፣ በዝናብም በበረዶም፣ እየመለሷቸው ዓመታት አለፉ። እኔ ያኔ ከኒውካስል የመጣሁ ሙሽራ ነበርኩ። ሻይ ይዤልዎ ወጥቼ ምን እንደሚጠብቁ ብጠይቅዎ «ወደ አገሩ መመለስ የረሳ የሮም ወታደር ነኝ፣ ከተሜዋ» አሉኝ። መንገደኞች ካርታ ዘርግተው ግንቡ የት እንዳለ ሲጠይቁዎ ደግሞ «ግማሹን ረግጣችሁታል፤ ግማሹ የኔ ወጥ ቤት ግድግዳ ነው» ይሏቸው ነበር።

ክረምቱን ኮትዎን ለብሼ ጉብታው ላይ እኔ ቆምኩ። ግን ጉልበቴ ዕድሜ ልክ የሚያቆም አይደለም። የሚያግዳቸው እኔ ልሁን ወይስ ራሳቸው አውቀውት ይሁን፣ መለየት ነበረብኝ። በግንቦት ግልገሎቻቸውን አስከትለው ተራራ ከወጡ በኋላ፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ኔልን አሰርኳት፤ ኮቱን ምስማሩ ላይ ተውኩት። ዞሬ ሄጄ በሚልበርን በኩል ካለው የፈረሰ ካብ ጀርባ ተቀመጥኩ።

ሚልበርን አገኘኝ። «ሰው መስክ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዝቅ በል፣ ያዩሃል።»

«ማን ነው የሚያየኝ?»

«በጎቹ።»

እያቃሰተ አጠገቤ ተንበረከከ። «ዊልፍ እንዲህ ሆነን ቢያየን ዓመቱን ሙሉ ይስቅብን ነበር» አለ።

መጀመሪያ የመጣችው ያቺ በጡጦ ያሳደጓት ጆሮ ቆራጣ ናት። ነፋሱ ከእኛ በኩል ስለነበር የሣሩ ሽታ ደርሷታል። ግልገሏ ዘሎ ጉብታውን አለፈና የሚልበርን ሣር ላይ አቀረቀረ። ሌሎቹ ከኋላ እየተጠጉ ነበር። የሚልበርንን እጅጌ ያዝኩ።

እሷ ጉብታው ላይ ወጣችና የእርስዎ ጫማ ሣሩን ረግጦ የጨረሰው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። ሰው የለም፤ ውሻ የለም። ከዚያ ግልገሏን ጠራች። አፉ ሣር እንደሞላ ቀና ብሎ አያት። ደግማ ጠራችው፣ በወፍራሙ። ተመለሰ። በግንባሯ አንዴ ገጨችውና ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። ሌሎቹም ተከትለዋት ዞሩ።

ሚልበርን «እጅጌዬን ልቀቂ» አለኝ። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ግልገሉ ሁለት ጉርሻ በልቶብኛል። ለወኪሉ አልናገርም።»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እዚያው ተደብቄ አያለሁ። አንድም አልተሻገረም። ትናንት ሚልበርን ሻይ በፔርሙዝ ይዞልኝ መጣ፤ ስኳሩን አብዝቶታል።

አባባ፣ በየእሁዱ ልጠይቅዎ ስመጣ በደህናው እጅዎ ወደ መስኮቱ ይጠቁሙኛል። እኔም «መኪና ማቆሚያው ነው» እያልኩ ሳልፈው ከረምኩ። የሚጠይቁኝ ስለ በጎቹ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ የምመልስልዎ ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ። በጎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው።

የፊታችን እሁድ በሚልበርን መኪና ልንወስድዎ እንመጣለን፤ የእሱ ዝቅ ስለሚል ለመግባት አያስቸግርዎትም። ጆይስ ፈቅዳለች። ኮትዎን ይዤ እመጣለሁ። የወጥ ቤቱንም ወንበር ጉብታው ላይ አወጣዋለሁ፤ ለእሱ ችካል አያስፈልግም። መቆሙ ይበቃል፤ ተቀምጠው ያያሉ።

ከተሜዋ ምራትዎ፣
ኖሪን