የልጅ ልጄን ዝም ስላሰኙልኝ

ለተከበሩ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የሕፃን ስሕተት ለማያመልጠው ጆሮዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤትዎ አጥር ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ የምሰፋ ሽማግሌ ነኝ፤ እናቷ ሥራ ስትውል የስድስት ዓመቷን የልጅ ልጄን የምጠብቃትም እኔው ነኝ። የማቀርበው ምስጋና እንጂ አቤቱታ ስላልሆነ፣ በተራ ቁጥር ማስፈሬን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

፩ኛ፦ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ብዙ ጓደኞች አሉኝ ስትል “ሜኒ” በሚባልበት ቦታ “ማች” እንደምትል፣ ስሕተቱም ከቤት የመጣ ስለሆነ አያቷ እንዳያናግሯት በመልእክት ደብተሯ ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። አልክድም፣ ቁልፍ እያስቆጠርኩ “ማች” ያልኳት እኔ ነኝ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ እንግሊዝኛ የጀመርኩት ለሹመት አልነበረም፤ ቤትም ቢሆን አማርኛ እንዳትናገር ካዘዙ ወዲህ ከልጅቷ ጋር የምንጫወትበት አፍ ቢገኝ ብዬ ነው።

፪ኛ፦ ስላስተማሩኝም አመሰግናለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ መጽሐፍ ተውሼ አጠናሁ፤ ቁልፍ ስለሚቆጠር “ሜኒ”፣ ጨርቅ ስለማይቆጠር “ማች” እንደሚባል፣ “ኤ ፊው” ጥቂት አለ ማለት እንደሆነ፣ ያለ “ኤ” ብቻውን “ፊው” ግን የለም ከማለት እንደማይሻል አሁን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ እንጂ።

፫ኛ፦ ይቺኛዋ ትከብደኛለች። እናቷ ትእዛዝዎን ተቀብላ ፈርማለች፤ ልጄ ከሰው በታች እንዳትሆን ብላ ነውና አልፈርድባትም። ልጅቷ ግን ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የስፌት መኪናዬን በግድ አስቁማ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንደወደቀ፣ የማን ጥርስ እንደወለቀ ሳትተነፍስ ታወራልኝ ነበር። ዛሬ ቦርሳዋን አስቀምጣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ አማርኛው ያስቀጣታል፣ እንግሊዝኛው ያሳቅቃታል። ደንበኞቼ ምን ያለች ጨዋ ልጅ ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ።

ለደከሙበት ሁሉ ብድሩን የሚከፍልዎ አይጥፋ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ከእርስዎ ትእዛዝ ዝንፍ የማይለው፣
ጨዋታ የራበው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ከንፈሯ ደርቆ አየችኝ፤ አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ገጠመችው፤ ከዚያ የውሃውን ጆግ በጣቷ አሳየችኝ። እንኳን ደስ አለዎት፤ አንድም አልተሳሳተችም።