ተቀናቃኙን ለምን ያስሮጣል? ብለው ለጠየቁት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የተራችን መልሶ ማደራጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እኛ ያጣነው ተጨምሮበት የረዘመ እንዲሆን አላህን እለምናለሁ። ጀማለዲን ኑርጋ እባላለሁ፤ መርካቶ ውስጥ ከአባቴ በወረስኳት ጠባብ ሱቅ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። እርስዎ እኔን አያውቁኝም፤ ሱቄን ግን ያውቋታል፤ ትፈርሳለች ተብሎ በሯ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባው በእርስዎ ትእዛዝ ነው።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ቀለሙ ሳይሆን በቅርቡ በሬዲዮ የሰጡት ቃለ ምልልስ ነው። አንድ የመኪና አስመጪ ድርጅት ወጪውን ሁሉ ችሎ ያዘጋጀውን የመኪና ውድድር በክብር እንግድነት ተገኝተው ያስጀመሩት እርስዎ ነበሩ። በዚያ ውድድር ላይ ከድርጅቱ መኪኖች ጋር ገበያ የሚሻሙ የሌላ ፋብሪካ መኪኖችም ተሰልፈው ነበር፤ ከእነሱም አንዷ አንደኛ ወጣችና የድርጅቱ ባለቤት በገዛ እጁ ዋንጫውን ለተቀናቃኙ ሹፌር ሰጠ። ጋዜጠኛው ይህን ሲያነሣብዎ «እኔም አልገባኝም፤ ሰው እንዴት በገዛ ገንዘቡ ተቀናቃኙን ያስሮጣል?» ብለው ሳቁ። ክቡር ሆይ፣ ያልገባዎትን ነገር በአደባባይ ማመንዎ ትሕትናዎን ያሳያል፤ ያልገባዎትን ነገር ማፍረስዎ ደግሞ ቆራጥነትዎን። ጥያቄዎ ያለ መልስ እንዳይቀር ብዬ መልሱን ከእኛ ተራ ልልክልዎ ወደድኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ለብቻው የሚሮጠውን ለማየት ከቤቱ የሚወጣም ሰው የለም። ድርጅቱ የራሱን መኪኖች ብቻ ደርድሮ ቢያስሮጥ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ጉሮሮው እስኪዘጋ አይጮህም ነበር። ሕዝቡን ያመጣው ማን ይቀድም ይሆን የሚለው ጉጉት ነው፤ እሱን ደግሞ ድርጅቱ ብቻውን ሊያመጣው አይችልም። መኪናው ቢያሸንፍ ተሸናፊው ራሱ ምስክር ይሆንለታል፤ እንዲህ ያለ ምስክር በማስታወቂያ አይገኝም። ቢሸነፍም የቱ ዕቃ እንደከዳው አይቶ ለሚቀጥለው ያጠነክረዋል። ከሁሉም በላይ ተመልካቹ የመኪና አምሮት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ አምሮቱ ከጸናበት ደግሞ አንድ ቀን ከሁለቱ የአንደኛቸውን በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

እኛ ይህን የተማርነው ከሰፈራችን ነው። ከእኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የሀብተሚካኤል ሱቅ ነው። እኔ የምሸጠውን ይሸጣል፤ የእኔን ደንበኛ ይጠራል፣ እኔም የሱን እጠራለሁ፤ በዋጋ ተናንቀን የምንውልበት ቀንም አለ። ደንበኛ መጥቶ እኔ ጋ የሌለ ዕቃ ቢጠይቀኝ ግን «አረፍ ይበሉ» ብዬ ከሀብተሚካኤል መደርደሪያ አምጥቼ እሰጠዋለሁ፤ እሱም ከእኔ እንደዚሁ ያደርጋል። ያ ደንበኛ እዚያ ተራ ሄጄ አጣሁ ብሎ ከወጣ የሚጎዳው ሁላችንም ነን። ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ወደ አንዋር መስጊድ ስሄድ ሀብተሚካኤል በርጩማውን በሁለቱ በሮች መካከል አስቀምጦ የእኔንም የራሱንም ይሸጣል። እሱ አማኑኤልን ሊሳለም ሲሄድ በርጩማው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ።

አሁን ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ተነግሮኛል።

አንደኛ፦ ባለሙያዎችዎ ሱቆቹን ሊመዘግቡ የመጡት ዓርብ ቀን፣ በጁምዓ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት መርካቶ ውስጥ ማን የት እንዳለ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ መንገዱ ራሱ ሰጋጅ ይሞላዋል። ባለሙያዎቹ ሀብተሚካኤልን ከእኔ ሱቅ ዕቃ አውጥቶ ሲሸጥ አገኙት፤ ዞር ብለው ሲመለሱ ደግሞ ከራሱ ሱቅ ሲሸጥ አገኙት። እኔን አላገኙኝም። ስለዚህ ሁለት ሱቅ የያዘ አንድ ነጋዴ ብለው መዘገቡት። «ኧረ ያኛው የጀማል ነው፣ ሶላት ሄዶ ነው!» ቢላቸው «ለተፎካካሪህ ነው እንዴ የምትሸጥለት? አታሞኘን ባክህ!» ብለው ሳቁበት። ሳቁ ከእርስዎ የተወረሰ መሆኑን በኋላ ሬዲዮ ስሰማ ተረዳሁ።

ሁለተኛ፦ ይህን ለማስተካከል ጽሕፈት ቤትዎ ስንመላለስ ከረምን። ደረጃዎ ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ስለ ጤናችን ማሰብዎን እናመሰግናለን። በመጨረሻ የተነገረን፣ በፈረሰው ተራ ቦታ በሚሠራው አዲስ ሕንፃ ለሁለታችን አንድ ሱቅ ብቻ እንደሚሰጠንና ማን እንደሚወስዳት በዕጣ እንደሚለይ ነው። ዕጣ የወጣለት ይገባል፤ ያልወጣለት ወደፊት ይታሰብበታል። የመኪና አስመጪው ተቀናቃኙን ለማስሮጥ ስንት ወጪ አወጣ! እርስዎ ግን አብረው ያረጁ ሁለት ሰዎችን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት አስሮጡን። ለዚህ ቁጠባዎ ሊሸለሙ ይገባል።

ሦስተኛ፦ ሱቋን በጋራ እንያዛት ብለን አመለከትን፤ መመሪያው አይፈቅድም ተባልን። መመሪያውን እንድናይ ጠየቅን፤ ይህንንም መመሪያው አይፈቅድም።

አራተኛ ብዬ የጀመርኩት ቅሬታም ነበረኝ፤ ግን ተውኩት። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ያለ ሰው የእርስዎን ጽሕፈት ቤት ሳያየው አልቀረም። ይህ ደብዳቤ አንዲት ጡብ እንኳ እንደማያድን አውቃለሁ። ተራው ይፈርሳል፤ ከእኛ በፊት ሌሎች ተራዎች ፈርሰዋል፤ የፈረሰባቸው ሰዎችም እንደ እኔ ጽፈው ነበር።

ይልቅ የሥራዎን ፍሬ ላሳውቅዎ። የዕጣው ነገር ከተነገረን ወዲህ የእኔና የሀብተሚካኤል ሰላምታ እያጠረ ሄደ። ባለፈው ዓርብ ለጁምዓ ስወጣ ሱቄን ቆልፌ ሄድኩ፤ እሱም በርጩማውን አላወጣም። ሰኞ ዕለት አንድ የታክሲ ሹፌር ፍሬኔ አልይዝ አለኝ ብሎ የፍሬን ሸራ ጠየቀኝ። እኔ ጋ አልነበረም። ሀብተሚካኤል ጋ እንዳለ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠም አውቃለሁ። «የለም» አልኩት። «ተራው ውስጥስ?» አለኝ። «ተራው ውስጥም አታገኝም» አልኩት። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሀብተሚካኤል እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል፤ ግን እሱም ወጥቶ «እኔ ጋ አለ» አላለም። ሹፌሩ አመስግኖኝ፣ ቃሌን አምኖ፣ በዚያው ፍሬን ሰው አሳፍሮ ሄደ። ደህና ይግባ አይግባ እስከ ዛሬ አላውቅም። አፍሬያለሁ፣ ክቡር ሆይ። አባቴ በቆመበት ደጃፍ ቆሜ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ሕንፃውን ዘግይተው ቢሠሩትም ግድ የለም፤ ተራውን ግን ግሬደር ሳይደርስ አፍርሰው ጨርሰዋል። ለዚህ ትጋትዎ፣ ስለ ጊዜዎም፣ ስለማይደርሰኝ መልስዎም በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ የሥልጣን ዘመንዎ እንደ እስካሁኑ ተፎካካሪ የማያስቸግረው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ከማይነገር አክብሮት ጋር፣
እስከ ዕጣው ቀን ድረስ ባለ ሱቅ የሆንኩት
ጀማለዲን ኑርጋ
መርካቶ፣ ጥቅምት 2001 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሁለት ሰዎች እንዲፈርሙበት አስቤ ነበር። ትናንት ሀብተሚካኤል በር ላይ ቆሜ አስነበብኩት፤ ሁሉም እውነት ነው አለኝ፣ የሰኞውንም ጭምር። ሆኖም ዕጣው ሳይወጣ ስሙን እዚህ ላይ ቢያዩት እንዳይቀየሙት ፈርቶ ሳይፈርም መለሰልኝ። ልጆች አሉት፤ አልፈርድበትም። እርስዎን ግን አንድ ነገር ልለምንዎ፦ በመኪናው ውድድር ዋንጫው ሲሰጥ ተሸናፊዎቹም ቆመው አጨብጭበዋል አሉ። በእኛ ዕጣ ማንም ቢያሸንፍ የሚያጨበጭብ ስለማይገኝ፣ ጭብጨባውን ከጽሕፈት ቤትዎ ይዘው እንዲመጡ።